እስከ ቀበቶህ የደረሰው መደብ

የኔ ግርሜ፣

ካንተ ጋር ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ዝም ያልኩህ ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ ቤቱ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኖ ወረቀት የማስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ አጥቼ ነው። ወጥ ቤታችንን አፍርሼ እያሠራሁ ነው። አዎ፣ እኔው ራሴ። አንተ "ጡረታ ስወጣ" እያልክ ስታራዝመው የኖርከውን ሥራ ጀምሬ እየጨረስኩት ነው።

ለምን አሁን ብትለኝ፣ በልጅህ የተነሳ ነው። ማርታ ከቀብርህ ማግስት ጀምሮ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያላት፤ አራብሳ ሩቅ ነው፣ ብቻሽን ነሽ፣ ቤቱን አከራይተሽ ሰሚት እኛ ጋ ግቢ። ክፍል ሁሉ አዘጋጅታልኛለች። ክፋት የላትም፣ ስለምትወደኝ ነው። እኔ ግን በልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ፣ የሻይ ማንኪያው የት እንዳለ እየጠየቅኩ ማርጀት አልፈልግም። በአፍ ብነግራት አልሰማ አለች። እንግዲያው ሠርቼ ላሳያት ብዬ ተነሳሁ፤ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ሴራሚክ አያስለጥፍም። ጥቁሯን ሳታወልቅ ቤት ታሳምራለች ያሉም አልጠፉም። ይበሉ።

ደሳለኝ የሚባል ግንበኛ አገኘሁ። እጁ ጥሩ ነው፤ ነገ እመጣለሁ ካለ ግን ከነገ ወዲያም አይመጣም። የድሮውን ሴራሚክ ሲያራግፍ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሰንጥቆት ኖሯል። ውኃ በፈረቃ መሆኑን ታውቃለህ፤ የዚያን ዕለት ተራችን ስላልነበር ማናችንም አላወቅንም። ውኃው የመጣ ቀን እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ የታችኛዋ ጎረቤታችን የራሰ ፍራሿን ደረጃው ላይ ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ይቅርታ ጠይቄ ጣሪያዋን አስቀባሁላት። አሁን እሷው ናት ሥራው የት ደረሰ እያለች የምትመጣው።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ጾም ሲገባ ሽንኩርት ከታፊው አንተ ነበርክ። በዚያ ዝቅተኛ የወጥ ቤት መክተፊያ መደብ ላይ ጎንበስ ብለህ "ወገቤን ጨረሽው" ስትለኝ፣ ጥፋቱ የቁመትህ ነው እያልኩ እስቅብህ ነበር። ደሳለኝ የአዲሱ መደብ ቁመት እስከ የት ይሁን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስብ እጄን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ፤ ቀበቶህ የሚደርስበት ቦታ። እሱም ምልክት አድርጎ ገነባው፣ ግራናይቱንም አለበሰው። ሽንኩርት ልከትፍ ፊቱ ስቆም ክርኔ ወደ ትከሻዬ ወጣ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለካ ወጥ ቤቱን የማሠራው ላንተ ኖሯል።

ማርታ ስታየው፣ "እማዬ፣ ይኸው እኮ፣ እዚህ ቤት አባዬን እየጠበቅሽ ነው፤ ተነሺ እንሂድ" አለችኝ። ከተናገረችው ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው፤ እውነት አለበት። ደሳለኝ በበኩሉ፣ ግራናይት ከሚነሳ መቆሚያ በርጩማ ይገዛ አለ። ገዝቼ ሞከርኩት። በገዛ ወጥ ቤቴ ስወጣና ስወርድ መዋል አልሆነልኝም። አፍርሰው አልኩት።

ሲያፈርሰው ከአጠገቡ አልራቅኩም። አዘንኩ፤ አንተን ዳግም አጣለሁ ብዬ ግን አልፈራሁም። ዝቅ አድርጎ በእኔ ወገብ ልክ ሠራው። ግራናይቱ አንድ ጥግ ላይ ተሸርፏል፣ ግድ የለም። የቀረው የካቢኔቱ በር ብቻ ነው፤ አናጺው ነገ ብሏል፣ እንግዲህ እናያለን።

ትናንት ማርታ ከመገናኛ ደወለች። ዕቃሽን መቼ ትሸክፊያለሽ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "እማዬ፣ ታክሲ ይዣለሁ፤ ምን ሠርተሻል?" አለችኝ። ሽሮ አልኳት። መጥታ ጥርግ አድርጋ በላች፣ ጨመርኩላት። ስለ ሰሚት አላነሳችም።

የሙት ዓመትህ ድግስ የሚወጣው ከዚህ ወጥ ቤት ነው። ከዚያም በኋላ፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ ስምህ ከአፌ አይጠፋም። የምጠራህ ግን እየጠበቅኩህ አይደለም፤ በቤቴ፣ በራሴ ቁመት ቆሜ ነው።

ያንተዋ ፀሐይ