ግራ እጄና ባለ አስሩ ፌሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት 12 ሰዓት

ባለ ስድስት ሚሊውን ፌሮ በጆንያ ቁራጭ ጠቅልዬ ይዣለሁ። ቀኝ እጄ ይገፋል፣ ግራው ይንሸራተታል። እንደገና። ይንሸራተታል። ሦስቱ ጣቶች ግማሽ መንገድ ይመጡና ቀጥ ይላሉ። ብረቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ላቡ የኔ ብቻ።

ደብተሬ፣ በቀኝ እጄ እየጻፍኩብሽ ስለሆነ ፊደሌን ታገሺኝ። ግራኝ ነበርኩ። ባለፈው ክረምት ለአብዮት በዓሉ የሚቆመውን ቅስት ስንሠራ አንድ እስር ፌሮ ከመኪና ላይ ተንሸራቶ ግራ እጄ ላይ አረፈ። ቅስቱ በቀኑ ቆመ፣ ተጨበጨበለት። የኔ እጅ እንደተከፈተ ቀረ። ብረት አጥፌ፣ በሽቦ አስሬ ፎቅ የማቆም ፌራዮ ነበርኩ። አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጆንያ እጠብቃለሁ። አብረውኝ የሠሩት ሲያልፉ “ዘበኛው” ይሉኛል። ለቀልድ ነው አሉ።

ካቦ ወልዴ (ከአሁን በኋላ ካ.ወ. ነው፤ ቀኝ እጄ ረጅም ስም አይችልም) ዓርብ ዕለት ቁርጡን ነገረኝ። የክንድ ርዝመት ያለው ባለ አስር ፌሮ ያለ መሣሪያ በባዶ እጄ ካጠፍኩ ወደ ቡድኑ እመለሳለሁ። ካልቻልኩ ዘበኛ ነኝ። ነግሮኝ ሳቀ። ይሳቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ብርነሽ ማታ ማታ በቅቤ ታሸኛለች። ወጌሻው እንዳሳያት ከአንጓው ወደ ጣቶቹ። ምስኪን ሚስቴ፣ ልጆቹን አስተኝታ ደግሞ የኔን ጣት ታስተኛለች። ዛሬ ጮህኩባት። አመመኝ እንጂ እሷ ምን አደረገች?

ባለ ስድስቱ ትንሽ ጎብጧል። እኔ ይታየኛል። ለብርነሽ ባሳያት አልታያትም፣ ግን አዎ አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

የቀበሌ ስብሰባ። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም፤ ስለዚህ ማንም አይቀርም፣ ቅዳሴም ቢሆን አቋርጦ ይመጣል። መፈክር ሲባል ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ ያነሳል። እኔም አነሳሁ። ጣቶቼ ተንጨፍርረው አየር ላይ ቀሩ።

የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ደምሴ መፈክሩን አቋርጦ ወደኔ ጠቆመ። ሕዝቡን እየባረክሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። መቼ እንደቀሰስኩ ጠየቀኝ። ሰዉ መጀመሪያ ፈራ፤ ደምሴ ሲስቅ ግን ሳቀ። ጎረቤቶቼ! ልጆቼን ክርስትና ያነሱልኝ ሰዎች! ጠባሳውን አሳየሁት፣ ቅስቱን ስሠራ እንደተጎዳሁ ነገርኩት። ሳቁን ዋጥ አደረገና ወሰነ፤ ያልተጨበጠ እጅ መድረኩን ያበላሻል፣ ስለዚህ እስክድን እጄን አውርጄ ልቁም። ከዚያ በኋላ መፈክሩ ቀጠለ። በዚያ ሁሉ ክንድ መሀል የኔ ብቻ ወደ ታች። ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

ጠላሁ። እጄንም፣ ደምሴንም፣ የሳቁትንም።

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ዛሬም እጄን አውርጄ ቆሜ መጣሁ። ለምጄዋለሁ ማለት ይቻላል። ግን ሌላ ነገር አለ።

እትዬ ጽጌ በኛ ቅያስ ሦስተኛው በር ናቸው። ልጃቸው ዳንኤል ተማሪ ነበር። በቀይ ሽብሩ ጊዜ አብዮት ጥበቃዎች ሌሊት ወስደው እዚያው ቀበሌ አዳራሽ፣ እሑድ እሑድ የምንሰበሰብበት ውስጥ አሰሩት። አልተመለሰም። አስከሬንም የለም፣ ለቅሶም አልተፈቀደም። አሁን ያላቸው ሴት ልጃቸው ሂሩት ብቻ ናት።

ከስብሰባ ስንወጣ ቅያሱ ላይ ጠበቁኝ። የማይረባውን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። በዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድ የማይነሳ እጅ ሲያዩ ትንፋሻቸው መለስ እንደሚል ነገሩኝ። እሳቸው ለሂሩት ሲሉ ያነሳሉ። ባነሱ ቁጥር ዳንኤልን የካዱት ይመስላቸዋል።

የጅማት ጉዳይ እንጂ የጀግንነት አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። እጄን የሳመኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና ጣፈጠኝ። አስመሳይ!

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ባለ ስምንቱ ታጠፈ!! ጭኔ ላይ ሳላሳርፍ፣ ደረቴ ፊት ይዤ። መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ይላል፣ ከዚያ ድንገት ልክ እንደ ሰው ይሸነፋል። ትንሿ ጣቴ መዳፌን ነካች። ይኼን መስመር በግራዬ ነው የጻፍኩት፣ እዪው። ያምራል። ብርነሽ እልል ልትል ስትል አፏን ያዝኩ። ጎረቤት ይሰማል።

ለምን ያዝኩ? የሚሰማው ማን ነው? አውቃቸዋለሁ፣ ስማቸውን አልጽፍም።

እሑድ፣ ኅዳር 16

እ/ጽጌ አሁን በየስብሰባው ከጎኔ ነው የሚቆሙት። ዛሬ ስንመለስ እውነቱን አወጣሁት። እጄ የማይነሳው ስለማይጨበጥ ነው፣ እንዲጨበጥም ጠዋት ማታ ብረት እየታገልኩ ነው፣ ሥራዬን እፈልገዋለሁ አልኳቸው። እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ፌሮው ወለሉ ላይ ሲወድቅ እሳቸው ቤት ድረስ ይሰማል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እጁ መውረዱ ይበቃቸዋል። ቀጥለው፣ ሲድን ታነሳዋለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ተናደድኩ። ምን አገባቸው? እኔ ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ፣ የሰፈሩ ታቦት አይደለሁም። ትቻቸው ሄድኩ። ቤት ገብቼ ባለ አስሩን ያዝኩ፣ ፍንክች አላለም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ። ብረቱን ካ.ወ. ራሱ መረጠ፣ ቀጥ ያለ፣ ዝገት የሌለው። የጆንያ ቁራጩንም ከለከለኝ። ያዝኩ። የመጀመሪያው ግፊት ምንም። ሁለተኛው ላይ ግራዬ መክዳት ጀመረ፣ አውራ ጣቴን በጣቶቼ ላይ ቆለፍኩና በርግማን ገፋሁ። ደምሴን ረገምኩ፣ ቅስቱን ረገምኩ፣ “ዘበኛው” የሚለውን ሁሉ። ታጠፈ። ሁለቱ ጫፎች ተያዩ።

ካ.ወ. አልሳቀም። ሰኞ ፒንሳህን ይዘህ ና አለኝ። የቡድኑ ልጆች ተሸክመው አዞሩኝ። አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29

ወሬ እግር አለው። የቀበሌው ሱቅ ተሰልፌ ሳለ ደምሴ መጣ። ግራ እጄን ጨበጠኝ። ያዘኝ፣ ጠበቅ አደረገ፣ እኔም ሳላስበው ጠበቅ አደረግሁ። ፈገግ አለ። እሑድ ከፊት መስመር ቁም ብሎኝ ሄደ።

ብርነሽ ለመነችኝ። ሁሉም ያነሳል፣ አንተ ከማን ትበልጣለህ፣ ልጆቹስ አለች። ደምሴ አንድ ቃል ለመሥሪያ ቤቱ ቢያቀብል ፒንሳም የለ፣ መጋዘንም የለ፣ ምናልባት እኔም የለሁ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ያናደደኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 30። ከሰዓት በኋላ

አነሳሁ።

ጥርቅም ብሎ ተጨበጠ። የሚያምር ጭብጥ። ደምሴ ከመድረክ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ከዚያ በጎን በኩል አየሁ። እ/ጽጌ ከኋላ መጥተው ከጎኔ ቆመዋል። እጃቸው ወደ ታች ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ያነሱት ሴትዮ፣ ዛሬ፣ እኔ ባነሳሁበት ቀን፣ አወረዱት። ፊት ለፊት ያያሉ እንጂ እኔን አያዩም። ከኋላ ሂሩት ቀሚሳቸውን ትጎትታለች። የደምሴ ዓይን መስመሩን እየቆጠረ ወደኛ እየመጣ ነው።

አንጓቸውን ያዝኩና ወደ ላይ አነሳሁት።

ታገሉኝ። አጥንታቸው እንደ ጭራሮ ነው። ሊያስለቅቁ ጎተቱ፣ ግራ እጄ ግን ያን ጊዜ ፍንክች አላለም። መፈክሩ እስኪያልቅ ድረስ ይዣቸው ቆየሁ። የደምሴ ዓይን ደረሰ፣ አለፈ። አቅም አንሷቸው እያገዝኳቸው መሰለው መሰለኝ፣ ደስ ብሎታል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ቅያሱ ሁሉ አዳንካቸው ይለኛል። ሂሩት ትናንት መጥታ ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ብርነሽ በኔ ኮርታለች። ካ.ወ. እንዳንተ ሽቦ የሚያጠብቅ የለም ብሎ በሰው ፊት አመሰገነኝ። ይኼን ሁሉ በግራዬ እየጻፍኩ ነው፣ ጥሩ አድርጎ ይጽፋል።

ጠዋት ቦኖ ውኃው ጋ እ/ጽጌን አገኘኋቸው። ባልዲ ሲያነሱ ነጠላቸው ተንሸራተተ። አንጓቸው ላይ አራት ጣቴና አውራ ጣቴ ጠቁረው ታትመዋል። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ባልዲውን አስቀመጡት። ነጠላቸውን መለስ አደረጉ፣ እጄን አዩት።

“እጅህ ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን” አሉኝ።

ባልዲውን በሌላው እጃቸው አንስተው ሄዱ።

ለእሑድ ወስኛለሁ። ከሳቸው ርቄ፣ በወዲያኛው ጥግ ነው የምቆመው። እጃቸውን ቢያወርዱ እንዳልደርስባቸው። የራሴን ግን አነሳው እንደሆን ገና አላውቅም።