«ቢራው ክሊኒክ ይሸታል» ስላለው መንጋጋ

ለተከበሩ የሠፈራችን የጥርስ ሐኪም፣
በትርፍ ጊዜዎም የብርቱ ቢራ ጠማቂ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለቀኝ እጅዎ ጽኑ ጤና እመኛለሁ። ለተቀረው አካልዎ የሚመኝልዎ ዘመድ ወዳጅ አያጡም፤ የእኔ ሐሳብ ግን እስከ ሐሙስ ጥዋት ድረስ ያለው እጅዎ ላይ ብቻ ነው። እንዳይንቀጠቀጥ፣ እንዳይቆጣ፣ ከሁሉም በላይ ነገር እንዳያስታውስ እጸልያለሁ።

በመቀጠልም በታችኛው መንጋጋዬ፣ በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለው ጥርስ ተከፍቶ፣ ነጭ ጭቃ በሚመስል ጊዜያዊ ሙሌት ተደፍኖ፣ የወደፊት ዕጣውን በመጠባበቅ ላይ እንደሚገኝ ለእርስዎና ለመላው የሠፈራችን ሕዝብ በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

ሕዝቡ ነገሩን ከሥሩ እንዲረዳው ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ባለፈው እሑድ የሠፈራችን የቤት ጠማቂዎች ማኅበር በቤልጅየሞች ስልት የተጠመቁ ብርቱ ቢራዎችን ሲያወዳድር ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ቢራው የማን እንደሆነ አይነገረንም፤ ብርጭቆው በቁጥር ይቀርባል፣ እናሸታለን፣ እንቀምሳለን፣ ፍርዳችንን እንጽፋለን። ፍርዱም «ዳኛ አንድ»፣ «ዳኛ ሁለት»፣ «ዳኛ ሦስት» እየተባለ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ጠማቂው ማን እንደፈረደበት፣ ዳኛውም በማን ላይ እንደፈረደ ስለማያውቅ ሁላችንም ተከባብረን እንኖራለን። እኔም ሰኞ ዕለት ጥርሴን አሞኝ እርስዎ ወንበር ላይ እስክጋደም ድረስ ተከብሬ ነበር የምኖረው።

ሁለት እጅዎና አንድ መስታወት አፌ ውስጥ እንዳሉ እንዲህ አሉ፦ «አንድ የማይረባ ዳኛ ቢራዬን ክሊኒክ ይሸታል ብሎ ጻፈልኝ እኮ! ያን ሁሉ ጊዜ የደከምኩበትን! እስቲ ሰፋ ያድርጉልኝ አፍዎን… ማን እንደሆነ ባውቅ ግን፣ ያን ሰውዬ…» የቀረውን አልሰማሁም፤ መሰርሰሪያው ተነሣ።

ዶክተር፣ ዳኛ ሦስት እኔ ነኝ።

ይህን ፊት ለፊት ልነግርዎ በወደድኩ፤ ነገር ግን ወንበርዎ ላይ የተጋደመ ሰው የሚናገርበት አፍ የለውም። ደብዳቤውን በማኅበሩ ግድግዳና በሕንጻችን ደረጃ ላይ የለጠፍኩትም ሐሙስ ዕለት መንጋጋዬን አንዳች ነገር ቢያገኘው ጠያቂ እንዲኖረው ነው። ሰው በሰው ጥርስ ውስጥ ገባ ሲባል እሰማ ነበር፤ ነገር ግን የገዛ ጥርሱን በሚሰረስርለት ሰው ጥርስ ውስጥ የገባ፣ ከእኔ በፊት መኖሩን አልሰማሁም። እንግዲህ ቅሬታዎቼን ከነአክብሮታቸው ላቅርብ።

፩ኛ. የዐረፍተ ነገርዎን መጨረሻ በተመለከተ፦ «ያን ሰውዬ» ምን? ከሰኞ ወዲህ ቁርስ ላይም፣ መንገድ ላይም፣ ሻወር ቤትም ስጨርሰው ነው የምውለው። «ያን ሰውዬ አመሰግነው ነበር» በሚለው ልጽናና ሞከርኩ፤ ከመሰርሰሪያው ድምፅ ጋር አልሄድ አለኝ። ረዳትዎ «ዶክተር፣ ዘንድሮ ምላስ ያለው ሁሉ ቀማሽ ሆነ እኮ!» ብላ በሳቀች ጊዜ እኔም ለማስመሰል አብሬያት ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ በዚያ አኳኋን የሚስቅ ሰው ምን እንደሚመስል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። «እርስዎስ ቢራ ይወዳሉ?» ብለው በትሕትና ሲጠይቁኝም «ኧኧኧ» ብያለሁ። ይኸው የእምነት ክህደት ቃሌ ሆኖ ይመዝገብልኝ።

፪ኛ. ፍርዱን በተመለከተ፦ ቢራዎ ሲቀዳ ግርማ ሞገሱ ያስፈራ ነበር። መልኩ እንደተወለወለ ጫማ ጥቁር ቡናማ፣ አረፋው የሰው ጭንቅላት የሚያሳርፍ ትራስ ነው። ሽታው ዘቢብ፣ የበሰለ ሙዝ፣ ቅርንፉድ፤ እነዚህን ሁሉ የሚያመጣው እርሾው ነውና፣ ለዚህ ዓይነቱ ቢራ ቅርንፉድ ጌጥ እንጂ ነውር አለመሆኑን አውቃለሁ። ስቀምሰው መጀመሪያ የብቅሉ ጣፋጭነት፣ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ፣ ከዚያ ከደረት ተነሥቶ ጉልበት ድረስ የሚወርድ ሙቀት መጣ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ በሁለተኛው ጉንጭ ከአማቴ የደበቅኩትን ሁሉ ልዘከዝክ ምንም አልቀረኝም። ታዲያ ዋጥ ሳደርገው፣ ከጉሮሮዬ ሥር ሌላ እንግዳ ብቅ አለ፦ አሁን የተወለወለ ኮሪደር፣ የጎማ ጓንት፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሕዝብ። ስለዚህ «ቢራው ክሊኒክ ይሸታል፤ ጠማቂው ዕቃውን በምን እንደሚያጥብ ይመርምር» ብዬ ጻፍኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ልመልሰው ብል እንኳ አፌ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

፫ኛ. የሐሙስን ቀን በተመለከተ፦ ከሰዓት በኋላ እኛው ዳኞች፣ በፍርዳችን ስላልተስማማን፣ ያንኑ ቢራ እንደገና ቀምሰን የመጨረሻውን ፍርድ እንድንሰጥ ተወስኗል። እርስዎ ደግሞ ያንኑ ዕለት ጥዋት ጥርሴን እንዲጨርሱ ቀጥረውኛል። ማደንዘዣዎ ግማሽ ምላሴን ፈቃድ አስወጥቶ በቀረው ግማሽ ብቻ እንድፈርድ ማሰብዎ አርቆ አስተዋይነትዎን ያሳያል፤ በአጋጣሚ ከሆነም አጋጣሚው ራሱ አርቆ አስተዋይ ነው። ከዳኝነቱ ልውረድ ብዬ የማኅበራችንን ሊቀ መንበር፣ በቅጽል ስሙ አረፋውን፣ ብለምነው «ዳኛ ቦታውን አይለቅም፤ ጥርስ ከሆነ ይልቀቅ» ብሎ አሰናበተኝ። ባለቤቴም «ነጥብ ጨምርለትና ገላግለን! ለሰው ቢራ ብለህ ነው ድድህን የምታሳየኝ?» አለችኝ፤ አይሆንም ብላት «እንግዲያው ሾርባ ልመድ» ብላ ማንኪያውን ከፊቴ አኖረችው። ሌላ ሐኪም ዘንድ እንዳልሄድ ደግሞ ጅምር ጥርስ እንደ ጅምር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ግንበኛ መጀመሪያ የፊተኛውን ይረግማል፣ ቀጥሎ ያፈርሳል።

፬ኛ. ይህ እንኳ ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ሥራውን ሲጨርሱ ረዳትዎ የሰጠችኝ መጉመጥመጫ እስከ ዛሬ ከቀመስኩት ሁሉ የላቀ ነበር፦ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ሽታ፣ ደረት የሚያሞቅ ነገር። «ይትፉት እንጂ፣ ለምን ይውጡታል?» ብትለኝም በፍርሃት ይሁን በደስታ ውጬዋለሁ። ስወጣም ከበሩ ጀርባ፣ ከመታጠቢያው ሥር፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንትያ ነጭ ጀሪካኖች ዓይቼ የክሊኒክዎን ሥርዓት አድንቄአለሁ። መሣሪያዎችዎ ንጹሕ መሆናቸውንም በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ።

ክቡር ሆይ፣ አልዋሽዎትም፤ ይህን ስጽፍ ጥርሴ የሚሰማኝ መስሎ ሙሌቱ ሥር ትር ትር ይላል። ሐሙስ የሚባል ቀን ከሳምንቱ ቢወጣ የመጀመሪያው ደጋፊ እኔ ነኝ። ሆኖም ነጥቤን አልለውጥም። የሚቀጥለው ወር ተወዳዳሪ ፀጉር አስተካካዬ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ዛሬ ለመሰርሰሪያ ያጎነበስኩ ሰው፣ ነገ ምላጭ አንገቴ ላይ ሲያርፍ የቱ ወገቤ ቀርቶ ላጎነብስ ነው? ስለዚህ ጥዋት አፌን እከፍትልዎታለሁ፤ ከሰዓት ቢራዎን በተረፈልኝ ምላስ እቀምሳለሁ፤ ክሊኒክ ከሸተተኝም ክሊኒክ ብዬ እጽፋለሁ፣ ፊደሉ ቢንጋደድም።

ስላሳዩኝና ወደፊትም ስለሚያሳዩኝ ርኅራኄ በቅድሚያ አመስግኜ፣ በወንበርዎ ሥር ወድቄ፣ መብራትዎን ዓይኔ ላይ ተቀብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ ታካሚዎ፣
እስከ ሐሙስም ባለ ሙሉ ጥርስ፣
ዳኛ ሦስት

ግልባጭ፦
ለአረፋው
ለባለቤቴ
ለቀኝ እጅዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ ባለቤቴ አብራኝ ትመጣለች፤ ከወንበሩ አጠገብም ትቆማለች። እሷ ቢራ አትቀምስም፤ የእጅን አካሄድ ግን በደንብ ትከታተላለች።

ማረሚያ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካበቃ በኋላ የመጉመጥመጫውን ጣዕም እሑድ ዕለት ከየትኛው ብርጭቆ እንደቀመስኩት ትዝ ስላለኝ የሚከተሉት እርማቶች ተደርገዋል። በተራ ቁጥር ሁለት «ቢራው ክሊኒክ ይሸታል» ከሚለው ቀጥሎ «ክሊኒኩም ቢራ ይሸታል» የሚል እንዲጨመር፤ በተራ ቁጥር አራት ስለ መሣሪያዎቹ ንጽሕና የተሰጠው ምስክርነት፣ መሣሪያዎቹ ከሁለቱ ጀሪካኖች በየትኛው እንደሚነከሩ እስኪታወቅ ድረስ እንዲታገድ፤ በመግቢያው ላይ ለሐኪሙ ቀኝ እጅ የተመኘሁት ጤናም «ለታካሚው» ተብሎ እንዲነበብ።