ለኪዳነ ምሕረት በር የሆነው ዋንዛሽ

ይድረስ ለእናት ዓለሜ፣ ለጥሩነሽ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጃችን አስናቀች ቆሰበር ከተማ በትዳሯ ናት፤ ወንድ ልጅ ወልዳለች፣ ግንባሩ ያንቺው ነው ይላሉ። የቤቱንም ክዳን በአዲስ ሣር አስለወጥኩት። ዛሬ ግን የምጽፍልሽ ስለ ዋንዛው ነው።

ወፍ ዘሩን ከአጥሩ ጥግ ጥላው የበቀለውን፣ ፍየል እንዳይነካው እሾህ ያጠርሽለትን ማለቴ ነው። ሲያብብ ንቦችሽ ይሰፍሩበታል፣ አንቺም ከሥሩ ተቀምጠሽ እህል ትለቅሚያለሽ። እኔ ግንዱን እያየሁ ስንት ሳንቃ እንደሚወጣው ስገምት፣ ዓይንህን መጋዝ አደረግኸው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ያኔ ሕመሙ ሲጠናብሽ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ኪዳነ ምሕረት አንቺን ብትምርልኝ ዋንዛውን ለቤተ ክርስቲያኗ በር እሰጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። የድሮው በር ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ተሠርቶ በመጀመሪያው ዝናብ እንደተጣመመ ታውቂያለሽ፤ የነፍስ አባታችን መምሬ በጠፍር እያሰሩ ነበር የሚዘጉት።

አንቺ ግን ሄድሽ። ከዚያ በኋላ ስለቱ እረፍት ነሳኝ። ብሰጥ ላልሆነልኝ ነገር የምከፍል፣ ብተወው ደግሞ የእመቤቴን የቀማሁ እየመሰለኝ፣ ወደ ውስጥ ሳልገባ የውጭውን ግንብ ተሳልሜ እመለስ ጀመር። ሰው ኀዘኑ ነው ይል ነበር።

በኋላ ለመምሬ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። ስለትህ እሷ እንድትድን ነበር፣ ፈጣሪ ከወሰዳት አትያዝበትም፣ ዛፉ ዛፍህ ነው አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ወድደህ ከሰጠኸን ግን እኔም ይህን ጠፍር መቋጠር ሰልችቶኛል አሉ። ሳቅሁ፤ ካንቺ ወዲያ የመጀመሪያዬ ነበር። ግዴታው ሲነሣልኝ መስጠቱን ወደድሁት።

ክረምት የተቆረጠ እንጨት ነቀዝ ስለሚገባበት እስከ ጥር ጠበቅሁ። ንቦችሽን ወደ ብሳናው ዛፍ አዛወርኳቸው፤ ተቆጥተው ነበር፣ አሁን ለምደዋል። መጋዝ ሳቢዎቹ ከዳንግላ መጡ። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ግንዱን ሲሰነጥቁት ውስጡ በስብሶ እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። ልቡ ቀይ፣ ጤነኛ ሆኖ ወጣ። ሳንቃውን ከጥላ ሥር በመሐሉ እንጨት እያስገባሁ ደረደርሁት፤ ጫፉም እንዳይሰነጠቅ እበት ቀባሁት። የሰበካው ሰዎች ደርቋል፣ ምን ትጠብቃለህ እያሉ ቢያጣድፉኝም፣ ባሕር ዛፉን ያበላሸብን ይኸው ጥድፊያ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። መቃኑን ከወይራ አደረግነው፣ ምስጥ አይደፍረውምና። ሳንቃው እስከ ሰኔ ከረመ፤ በሩም ዝናቡ ሳይጠና ተገጠመ።

ክረምቱን ሙሉ እየሄድኩ አየሁት። የአገራችንን ዝናብ ታውቂዋለሽ፣ ሌሊትና ቀን አይለይም። በሩ አላበጠም፣ አልተጣመመም። መምሬ አሁን ባንድ እጃቸው ገፋ አድርገው ይዘጉታል። ማን ሰጠው ለሚል ሁሉ ጥሩነሽ ያሳደገችው ነው ይላሉ፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

እኔም ገባሁ፣ ጥሩዬ። ቀድሞ ከምቆምበት ቦታ፣ ከወንዶቹ መሐል፣ ቆሜ አስቀድሳለሁ። በየወሩ በኪዳነ ምሕረት ቀን ስምሽን አስጠራለሁ። ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ይህን አላስታጉልብሽም፤ ጉልበቴ ከደከመ ተደግፌም ቢሆን እመጣለሁ፣ ገብቼም ከውስጥ ሆኜ እጠራሻለሁ።

ባልሽ አያሌው