በእንሰትሽ ቦታ የቆመው ታፔላ

ታዱዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ከሄድሽ ሦስተኛው የቡና ለቀማ ደረሰ። በሕይወት ሳለሽ ጽሑፌን ባየሽ ቁጥር «ይሄ ፊደል ነው ወይስ ዶሮ የጫረው?» ትይኝ ነበር። አሁን ልታርሚኝ ስለማትችዪ በድፍረት እጽፋለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያውን በቆርቆሮ ቀይሬዋለሁ፤ ሲዘንብ እርስ በርስ አንሰማማም እንጂ ዝናቡስ አይገባም። ልጅሽ ምሕረት አራተኛ ክፍል ገብታለች። ቁመቷ አንቺን፣ ምላሷ እኔን ነው የወጣው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ትምህርት ቤቱ ምሳ ነው። አንቺና እናቶቹ ከየጓሯችሁ እያመጣችሁ የምታበስሏት ያቺ ምሳ፤ ቆጮው፣ ቦሎቄው፣ ጎመኑ፣ ሲደርስ ደግሞ ዱባው። አንቺ ካለፍሽ በኋላ «ምሳው መደራጀት አለበት» ተባለና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ከእናታችን ጓዳ ቆጮ እየሰረቀ ያደገው ጎረቤታችን። ዛሬ ከረባት አስሯል፤ ቆጮ ሲባል አፍንጫውን ይይዛል። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነስቶ «እንግዳ መጥቶ ልጆቻችን ቆጮ ሲበሉ ቢያይ ምን ይለናል?» አለ። ልጆቹስ ምን ይላሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በቆጮው ፋንታ በካርቶን የታሸገ ብስኩትና በውሃ የሚበጠበጥ ቀይ ዱቄት መጣ። ለአንድ ልጅ ሁለት ብስኩት። ቀዩ ውሃ የልጆቹን ምላስ ከማቅላት በቀር ምን እንደሠራ አላውቅም።

ምሕረት ከሰዓት በኋላ ዴስክ ላይ መተኛት ጀመረች። መምህሯ አስጠርታኝ «ጋሼ፣ ልጅቷ ያመማት ይመስለኛል፤ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት» አለችኝ። ወሰድኳት። ነርሷ የዓይኗን ቆብ ገልብጣ አየችና ደም እንዳነሳት ነገረችኝ፤ ከዚያ ቀን ላይ ምን እንደምትበላ ጠየቀችኝ። ታዱዬ፣ «ሁለት ብስኩትና ቀይ ውሃ» ብዬ አፈርኩ። እኔ ሳፍር አይተሽ አታውቂም።

ከሁሉ የናቅኳቸው ግን በእንሰቱ ነው። በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ የተከልሽው እንሰት አምስተኛ ዓመቱን ይዞ፣ ለመፋቅ ጥቂት ነበር የቀረው። እነሱ ግን ታፔላ የሚቆምበት ቦታ ጠፋ ብለው ነቅለው ጣሉት። ቅጠሉን የሰብሳቢው ላም በላችው፤ ኮሚቴው ከተቋቋመ ጀምሮ ጠግቦ ያደረ ፍጡር ቢኖር እሷ ናት። ታፔላው ላይ በትልቁ «የተመጣጠነ ምግብ ለተማሪዎች» ተብሎ ተጽፏል። በጌዴኦ ምድር ተወልዶ፣ እንሰት ነቅሎ ስለ ምግብ የሚጽፍ ሰው ከየት እንደተገኘ እንጃ። ማንበብን ለራሴ በማስተማሬ የተጸጸትኩት ያን ጽሑፍ ያነበብኩ ዕለት ብቻ ነው።

ከዚያ ምሳውን ሊጎበኙ ከዲላ እንግዶች መጡ። ለእነሱ በግ ታርዶ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘረጋ። ልጆቹ ሁለት ሁለት ብስኩታቸውን ይዘው ደጅ ተሰለፉ። እንደ ወጋችን ማዕዱ ላይ ሽማግሌ ይጸልይ ተባለና ሰብሳቢው እኔን ጠራኝ። እኛ ዘንድ ጸሎት ላይ ያለን ሰው ማንም እንደማያቋርጥ እያወቀ መጥራቱ የራሱ ጥፋት ነው።

ሁሉም ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔም ጌታን ስለ ሁለቱ ብስኩት አመሰገንኩ። ስለ ቀዩ ውሃ አመሰገንኩ። ስለ ተነቀለው እንሰትና ስለ ጠገበችው ላም አመሰገንኩ። ዴስክ ላይ ስለምትተኛው የእህቴ ልጅ ስል ግን ቀልዱ እዚያው አለቀብኝ። በጉ ቀዘቀዘ። ሰብሳቢው ጫማዬን ረገጠኝ፤ ጫማዬ ላይ ስለቆመው ወንድምም ጸለይኩ። በመጨረሻ «ይህ ማዕድ አስቀድሞ ደጅ ለቆሙት ልጆች ይድረስ» ብዬ ዘጋሁ። ቤቱ ሁሉ እንደለመደው «አሜን» አለ። ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉት በኋላ ነው።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ሸምገል ያሉ ሴት፣ ትሪውን አንስተው ወደ ልጆቹ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሰብሳቢው ማንኪያውን እንደያዘ ብቻውን ቀረ።

በማግስቱ ወደ ስብሰባ ዝር እንዳትል ተባልኩ። እናቶቹ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ድስታቸውን መልሰው ጣዱ። ኮሚቴው ይህን የራሱ ሐሳብ አድርጎ በሪፖርት አቅርቦታል አሉ፤ ያቅርብ፣ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ኖሮትም አያውቅ።

ለየቤቱ ቀን ሲደለደል ለእኛ ረቡዕ ደረሰን። የምትጋግርልህ ሴት እንፈልግልህ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ወንድ ቆጮ ሲጋግር ለማየት መንደሩ ሁሉ ሊስቅብኝ መጣ። የመጀመሪያው አረረ፣ ሁለተኛው ጥሬ ሆነ። ምሕረት ከሁለቱም በላችና «አጎቴ፣ የእማዬም እንዲህ ነበር?» አለችኝ። ጣዕሙን ረስታዋለች፣ ታዱዬ። ጓደኞቿ ሁሉ ሲያዩኝ ጊዜ አዎ ብዬ ዋሸሁ።

እንግዲህ ባለሙያነትሽን በልጅሽ ፊት አዋርጄዋለሁ። ስለዚህ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ምጣዱ ፊት እቀመጣለሁ። እያሳረርኩም ቢሆን እማራለሁ፤ እጄ የአንቺን እስኪመስል አልነሳም። ያን ቀን ለምሕረት «የእናትሽ እንዲህ ነበር» እላታለሁ፤ ያኔ አልዋሸሁም ማለት ነው።

ታላቅ ወንድምሽ