የቀንድ አውጣዋ ክረምት

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

ዝናብ። ከጠዋት ጀምሮ። የልጅ ልጆቼን ጫማ አጥቤ ምድጃ ዳር አሰጣሁ፤ አንዱ ጫፉ ተለብልቧል... ከሰዓት ምስር ለቀምኩ። ባለቤቴ ሞገስ ዐሥር ሰዓት ላይ በር ላይ ክላክስ ባያደርግ ኖሮ ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም።

ወጣሁ። ሚኒባስ። አሮጌ፣ ነጭ፣ የኋላ ወንበሮቿ የተነቀሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ለራሱ ብስክሌት እንኳ ኖሮት አያውቅም። አሁን በስተርጅና... አልጋ አስገባባታለሁ፣ ክረምቱን ከልጆቹ ጋር እንዞራለን፣ በመሸበት እናድራለን ይላል።

«ጡረታ የወጣ ሰው ቤቱ ይቀመጣል» አልኩት።

«ሁለት ዓመት ተቀመጥን። ምን አገኘን?»

ወደ ምስሬ ተመለስኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር ለስንቱ መልስ ስሰጥ የኖርኩ ሴትዮ!

ለምን እንደቸኮለ ግን ገብቶኛል። ልጃችን ትዕግሥት ጳጉሜን ላይ ከኩዌት ትመጣለች። ባሕር ዳር ቤት ተከራይታ ልጆቿን ከደብረ ታቦር ትወስዳለች። ልጆቿ ናቸው፤ ምን ይባላል? ፍሬሕይወት ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናቷን ታስታውሳለች። አለምነው ግን አባቱ ሞቶ እናቱ ስትሄድ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አሁን አምስት ተኩል። በስልክ «ሰላም ነሽ» ይላትና ስልኩን ለኔ ይመልሳል።

ከኛ ጋር የመጨረሻ ክረምታቸው ነው እንግዲህ።

ሐምሌ 14

ፍራሽ ገባ። ከድሮ አልጋ ልብስ መጋረጃ ሰፋሁ። ቡታጋዝ፣ ጀሪካን፣ ብርድ ልብስ። እያጉረመረምኩ ነው የሰፋሁት... ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።

ፍሬሕይወት ስም አወጣችላት፤ ቀንድ አውጣ። ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ። አለምነው፣ ቀንድ አውጣ ሰው ቤት እንግድነት ትሄዳለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ቤቷ ጀርባዋ ላይ እያለ ለምን ትሄዳለች አለችው እህቱ።

ሞገስ ለልጆቹ ቃል ገባ። እናታቸው ከመምጣቷ በፊት አንድ ሌሊት መኪናዋ ውስጥ እናድራለን። «አንድ ብቻ?» አለ አለምነው። እንዲያውም ዐሥር፣ አለው። ሞገስ ቃል መግባት ከጀመረ አያባራም።

ሐምሌ 22

ገሳይ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩበት አገር። የጉና ተራራ ብርድ አልተለወጠም፤ አሁንም አጥንት ድረስ ይገባል። ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አቆምን። ልጆቹ ፍራሹ ላይ ይንከባለላሉ። ሻይ ልጥድ ቡታጋዙን ስለኩስ መስኮቱ ተንኳኳ።

ደረጄ! ማባዛት አልገባ ብሎት ያስለቀሰኝ ልጅ። አሁን እዚያው ትምህርት ቤት መምህር ነው። የሚያስተምረው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሒሳብ።

ዣንጥላ ይዞ ቆሟል። እዚሁ ልናድር ነው አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ፣ የሰደብኩት ያህል።

«ቲቸር፣ እኔ እያለሁ? ሰው ባለበት አገር መኪና ውስጥ አይታደርም።»

ፍራሹ ምቹ እንደሆነ አስረዳሁ። መጋረጃውን ሳይቀር አሳየሁት። ምን ዋጋ አለው... ሻንጣችንን ተሸክሞ መንገድ ጀምሯል። ሚስቱ ውዴ ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረበችልን፤ ባልና ሚስቱ አልጋቸውን ለቀው መሬት ተኙ። ልጆቹ አኩርፈዋል። አለምነው እንቅልፍ እየወሰደው «ቀንድ አውጣ ብቻዋን አደረች» አለ።

ነሐሴ 5

ፍልሰታ። ቅዳሴ፣ ቤት፣ ቅዳሴ። መኪናዋ ግቢ ቆማለች። ዶሮ ገብታ ፍራሹ ላይ እንቁላል ጣለች። እስካሁን ፍራሹ የጠቀመው እሷን ብቻ ነው።

አለምነው፣ ለምን እዚሁ ግቢያችን አናድርባትም አለ። ቤት እያለን? ጎረቤት ምን ይላል? አልኩት። አልገባውም። እውነቱን ለመናገር ለኔም በደንብ አልገባኝም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። የሰፈር ልጆች ሊጨፍሩ መጡ። አለምነው ሮጦ መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ እዚህ ጨፍሩ አላቸው። ሙልሙሉን በመስኮት አንድ በአንድ አደላቸው፣ እንደ አባወራ። «ቤት ለእንቦሳ» የሚል ቢያገኝ «እንቦሳ እሰሩ» ሊል ነበር!

ነሐሴ 19

ዛሬ ሞገስ ብልጥ ሆነ። በባሕር ዳር መንገድ ሐሙሲት ሳንደርስ፣ ቤት የማይታይበት ቦታ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ሣር ላይ አቆመ። «እዚህ ማን ያየናል?» ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ልጆቹ በደስታ ብርድ ልብሱን አነጠፉ።

ከየት እንደመጡ እንጃ። ከእርሻ የሚመለሱ ስድስት ሰዎች። ተበላሽታባችሁ ነው? አሉ። ሞገስ ደኅና ናት አላቸው። አላመኑትም። ደኅና መኪና ሜዳ ላይ ምን ትሠራለች? ሊያሳያቸው ብሎ ሞተሩን አስነሳ... ጎማው ጭቃ ውስጥ ስምጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ማን ይሰማዋል! ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና እየገፉ አስፋልት ላይ አወጡን። አንዱ፣ አባቴ አይዞዎት፣ የመኪና ነገር እንዲህ ነው ብሎ አጽናናው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ተገፍቶ የማያውቀውን ሾፌር!

የመሸበት መንገደኛ ሆነናልና የአንደኛው እናት እማማ ወርቅነሽ ቤት አደርን። ወተቱ፣ እንክብካቤው፣ እግር ማጠቡ... ምን ይወጣለታል። አለምነው ግን «አባባ ዋሽቷል» ብሎ አለቀሰ። ሞገስ ራቱን ሳይበላ ተነሣ። ጭቃው አይደለም ያንገበገበው፤ ይቺ ቃል ናት።

ነሐሴ 27

አለምነው ጠየቀኝ፤ «ያቺ ሴትዮ ስትመጣ ቀንድ አውጣንም ትወስዳለች?»

ያቺ ሴትዮ! እናቴ በል ብዬ ተቆጣሁት። ተቆጣሁት እንጂ... እዚህ ላይ ልጻፈው፣ ማንም አያነበው። ደስ ብሎኛል። እኔን አስበለጠኝ ብዬ። በዚህ ዕድሜዬ ከገዛ ልጄ ጋር እሽቅድድም? እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጳጉሜን 2

መጣች። ከስታለች፤ ሳቋ ያው ነው። ፍሬሕይወት አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አለምነው ጠፋ። ፈለግነው፣ ፈለግነው... መኪናዋ ውስጥ። በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ መጋረጃውን ዘግቶ።

ትዕግሥት መስኮቱ ሥር ቆማ በስሙ ጠራችው። ያመጣችለትን የመጫወቻ መኪና ከፍ አድርጋ አሳየችው። መጋረጃው ትንሽ ተነቃነቀና ተመለሰ። ቆመች። እግሯ እስኪዝል ቆመች።

እኔ አንድ ጊዜ ብጠራው ይወጣ ነበር። አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች፤ ዞራ አየችኝ እንጂ አልለመነችኝም። ጠርቼ ባወጣው የሚመጣው ወደኔ ነው። ታዲያ ምን ጠቀምኳት?

«ልጄ፣ የገባንላቸው ቃል አለ» አልኳት። «አንድ ሌሊት መኪናዋ ውስጥ ማደር። የኔና ያባትሽ ወገብ አይችለውም። አንቺ አብረሻቸው እደሪ።»

ሞገስ ቀና ብሎ አየኝ። ወገቡ ደኅና ነው። የኔም ደኅና ነው።

ከመጋረጃው ጀርባ «እዚሁ ግቢ?» የሚል ድምፅ መጣ። እዚሁ ግቢ፣ አልኩት።

«ጎረቤትስ?»

ጎረቤት የፈለገውን ይበል አልኩ። ከዚያ የበሩ ቁልፍ ቀጭ አለ።

ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋጋ ወጥቼ በመጋረጃው ጥግ አየሁ። የልጁ እግር ሆዷ ላይ ነው፤ እኔ ላይ እንደሚጥለው። እሷ ነቅታለች። እንዳይነቃባት ብላ አልተንቀሳቀሰችም። ስታየኝ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ረፋዱ ላይ የሩፋኤል ዝናብ መጣ። ሊጠመቁበት ሦስቱም እየጮኹ ወጡ። አለምነው እናቱን እጇን ይዞ ይጎትታታል፤ ነይ፣ እዚህ ጋ ይበልጣል እያለ። ፎጣ ይዤ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሳቅኩም። የቱ እንደበለጠ እንጃ።

መስከረም 5

ሄዱ። ሞገስ በመኪናዋ አደረሳቸው። ለአራት ሰው ምሳ ሠርቼ ቁጭ አልኩ... ሁለት ቀን እንበላዋለን።

መስከረም 22፣ ቅዳሜ

ባሕር ዳር። በራሳችን ፍራሽ፣ በራሳችን ቡታጋዝ፣ ማንንም ሳናስቸግር። የትዕግሥት ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ለነሱም አልበቃችም። ራት በልተን፣ ልጆቹን ስመን ወጣን። ደጃፏ ላይ አቁመን መኪናችን ውስጥ እናድራለን፤ ከደብረ ታቦር ስንነሣ የተስማማነው እንደዚያ ነው። ትዕግሥት ተሟግታን ተሟግታን ደከማት። ሞገስ መጋረጃውን ዘጋ። ጫማዬን አወለቅኩ። በመጨረሻ!

መስኮቱ ተንኳኳ።

አለምነው። ዝናብ የለም፤ እሱ ግን የእናቱን ዣንጥላ ዘርግቶ ይዟል። ገሳይ ላይ ያየውን ደረጄን መሆኑ ነው። እናቱ ከኋላው በሩ ላይ ቆማለች። እሷ እንዳልላከችው ፊቷ ላይ ያስታውቃል።

«እምዬ፣ ውረዱ» አለኝ።

ቤቱ እንደማይበቃን፣ ፍራሹም ምቹ እንደሆነ ነገርኩት። ፍራሹን ለሱ መንገር... ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እያለሁ? ሰው ባለበት አገር መኪና ውስጥ አይታደርም። የኛ ቤት እደሩ።»

የኛ ቤት። ሐምሌ ላይ ይህን ሲል የደብረ ታቦሩን ቤት ማለቱ ነበር። ቅር አለኝ። ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ፣ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ጫማዬን መልሼ አደረግኩ። ሞገስ ፍራሹን ከነብርድ ልብሱ ጠቅልሎ ተሸከመ። አለምነው ዣንጥላውን ለኔ ያዘልኝ። እጁ ስለማይደርስ በሩ ድረስ ጎንበስ ብዬ ሄድኩ።