በረዶ የረገጡት አቶ ዶሌቦ ኤርሲዶ

ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩሰው ትናንት ጠዋት ለለቅሶ ቤቱ ውሃ ይዛ ስትመጣ ጆሮዬ ላይ የነገረችኝን ሳላስቀድም ወደ ልደታቸው አልገባም። በአጥር በኩል ሰምታ ነው። የእድራችን ዳኛ አቶ ተገኘ፣ «ታሪካቸው ሲነበብ ያቺን የበረዶ ወሬ አውጧት። ሟች ይከበሩ እንጂ። እንግዳ ከሩቅ መጥቶ ቀብር ላይ ይሳቅ?» ሲሉ ሰማኋቸው አለችኝ። ሟች ይከበሩ! በሕይወት እያሉ ሰባት ዓመት ሙሉ ውሸታም ሲያስብሏቸው የነበሩ ሰው፣ ዶሌቦ ሬሳ ሲሆኑ ክብራቸው ትዝ አላቸው።

ይህን የምጽፈው አያታቸው ወይዘሮ ትርፊት ነኝ። እንደ ቄስ አልተማርኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከስልሳ ዓመቴ በኋላ በሚሲዮኑ የማታ ትምህርት ነው። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ «እሳቸው» ብለሽ ጻፊ ያለኝ የሚያነበው ኤሊያስ ነው፤ የባለቤታቸው ወንድም ነው፣ መምህር ነው፣ ደንቡ ይሄ ነው አለኝ። እሺ ብያለሁ። በረዶውን ግን አላወጣም።

አቶ ዶሌቦ ኤርሲዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሲዶ ሀንዳሞና ከእናታቸው ከልጄ ከወይዘሮ ሎምቤ፣ በሶሮ ከጊምቢቹ ወረድ ብሎ ባለው መንደራችን በ1928 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተወለዱ። እናታቸው ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አረፈች። አባታቸው ሌላ አግብተው ጃጁራ ገቡ፤ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ልጄ በላ ወይ ብለው አልጠየቁም። እኔ አሳደግኳቸው።

አሁን ሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን ልናገር። አገራችን እንሰት ሲፋቅ ወንድ እንደማይጠጋ የማታውቁ የላችሁም። ወንድ ከተጠጋ ሴቶቹም ይሰደባሉ፣ ወንዱም ስም ይወጣለታል። እኔ ግን ልጄ ሞታብኝ ብቻዬን ቀርቼ ነበር፤ ቆጮው እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ የምትረግጥልኝ ሴት አልነበረችኝም። ጉልበቴ እምቢ ሲለኝ ጓሮዬን በቅጠል ጋርጄ ዶሌቦን አስገባኋቸው። ሰባት ዓመታቸው ነበር። ከዳር ጀምር፣ ከመሃል አትጀምር፤ ተረከዝህን አስቀድም፤ ስስ አድርገህ ደልድል፣ ርገጥ፣ እንደገና ደልድል፤ አየር ከገባበት ይበላሻል እያልኩ አስተማርኳቸው። እንዴት ያለ እግር ነበራቸው! ጎረቤት ሲመጣ ዘለው ከጉድጓዱ ይወጡና እንጨት የሚፈልጡ ይመስላሉ። እግራቸውን አጥቤ እስካደርቅ ድረስ መተንፈስ አልችልም ነበር።

በ1936 ዓ.ም. በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1944 እኔን ይዘው ሆሳዕና ገቡና አናጢነት ጀመሩ። ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ የማይጮህ በር ያለው ሰው ካለ የሳቸው እጅ ነው። አቶ ተገኘ ራሳቸው ማታ ማታ የሚዘጉት በር የዶሌቦ ነው። በራቸውን አምነው ዘጉ፣ ቃላቸውን ግን አላመኑም።

በ1954 አንድ ኦስትሪያዊ አናጢ የሚሲዮኑን ጣሪያ ሊሠራ መጣ። እጃቸውን አይቶ በዓመቱ ወደ አገሩ ወሰዳቸው፤ ኢንስብሩክ የሚባል ተራራ የከበበው ከተማ ነው። እዚያ በእንጨት ሥራ ቤት ሁለት ዓመት ተማሩ። በመካከሉ በ1956 ከጥር 20 ጀምሮ ትልቁ የክረምት ስፖርት ውድድር በዚያ ከተማ ተደረገ። ከሠላሳ ስድስት አገር ሰው መጣ። ህንዱም መጣ፣ ሊባኖሱም መጣ፣ ፋርሱም መጣ፤ ሰው በሁለት ረጅም ሳንቃ ላይ ቆሞ በበረዶው ቁልቁል ይንሸራተታል። የኛ አገር ሰው ሊንሸራተት የሄደ የለም። ግን አልነበርንበትም እንዳትሉኝ።

ምክንያቱም ያን ዓመት በረዶው እምቢ አለ። ዓለም ሁሉ ተጠርቶ፣ የተጠራበት ነገር ቀረ። ድግስ ጠርታችሁ እንግዳው በር ላይ ቆሞ ምጣዱ ባዶ ሲሆን እንደማለት ነው። ወታደሩ ሁሉ ታዘዘ፤ ከላይኛው ተራራ በመኪናም በጀርባም በረዶ እያወረደ መንሸራተቻው ላይ ይደፋ ጀመር። የተደፋው ደግሞ መረገጥ አለበት፤ ካልተረገጠ አይይዝም። አናጢዎቹ አጥር ሊሠሩ ተጠርተው እዚያው ነበሩ፣ ዶሌቦም አብረው ነበሩ። ከዚያ የሆነውን ከኔ ሳይሆን ከራሳቸው ስሙ። ደብዳቤው ሳጥኔ ውስጥ ነበር፤ ከሞቱ ወዲያ ነው ያወጣሁት፤ እነሆ፦

«እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በረዶ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ጭንቅ ላይ ነው። ወታደሮቹ አምጥተው ይደፉና ይረግጣሉ። ሲረግጡ አይቼ አላስችል አለኝ፤ ከመሃል ይጀምራሉ፣ ዳሩ ይፈርሳል። አንቺ እንዳስተማርሽኝ ከዳር ጀምሬ፣ ተረከዝ አስቀድሜ፣ ስስ እያደረግኩ ረገጥኩላቸው። አለቃቸው አየኝና ክንዴን ይዞ ከፊት አቆመኝ። ዛሬ አርባ ወታደር ኋላዬ ተሰልፎ እግሬን እያየ ሲረግጥ ዋለ። እማዬ፣ አትሳቂብኝ። አየር እንዳይገባበት ብቻ ነበር የፈራሁት።»

ሁለት ቀን ረገጡ። መንገዱን ሁሉ አይደለም፤ አላጋንንም፣ እሳቸውም አላጋነኑም፤ ላይ መታጠፊያው ላይ ያለች ቁራጭ ናት። ግን የሠላሳ ስድስት አገር ሰው በዚያች ቁራጭ ላይ አለፈ። ወርቅ የወሰደው ስሙ ተጠራ፣ መዝሙሩ ተዘመረ። የረገጠውን ማን ጠራው?

በ1957 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በረዶ ተሸክመን ረገጥን ሲሉ ከተማው ሳቀ። ማነው በረዶ የሚፈልገው? እኛ ባቄላችንን እንዳይመታብን የምንጸልይበትን ነገር ሰው በጀርባው ተሸክሞ ያመጣል? «የት ረገጥከው? እንዴት ረገጥከው? ማን አስተማረህ?» ሲሏቸው ዝም ይላሉ። ለምን ዝም እንዳሉ አሁን ገባችሁ? ማን አስተማረህ ለሚለው መልሱ እኔ ነኝ። ይህን ያወጣ ቀን ወንድ ልጅ ቆጮ ረጋጭ ተባለ ማለት ነው፤ እኔም ወንድ ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባች ተባልኩ ማለት ነው። ስለዚህ ታሪካቸው ጎደሎ ሆነ፤ ጎደሎ ታሪክ ደግሞ ውሸት ይመስላል።

በ1958 ዓ.ም. ከዱራሜ ወይዘሮ ጣቢታን አገቡ። ሂሩትና አክሊሉ ተወለዱ። ባለቤታቸው ከምባታ ናት፣ እሳቸው ሀዲያ፣ እቤት ውስጥ በአማርኛ ነበር የሚጣሉት፤ የታረቁበትን ቋንቋ አላውቅም፣ በር ይዘጉ ነበር።

በ1959 ዓ.ም. የሆነውን ግን ሳልቆጣ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀደድኩት። ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ገነቴ እዚሁ አለች፣ የእንሰት ጓሮዋ ከአቶ ተገኘ ጋር ይዋሰናል። አጥሩን የሠሩላት ዶሌቦ ናቸው፤ እያንዳንዱን ካስማ በእጃቸው ነው የተከሉት። ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ሦስት ረድፍ እንሰት ወደ ገነቴ ጓሮ ገብቶ ታየ። ካስማ በእግሩ አይሄድም። ፍርድ ቤት ስትከስ ምስክሯ ዶሌቦ ሆኑ።

አቶ ተገኘ ተነሱና ዳኛውን እንዲህ አሉ፤ «ጌታዬ፣ ምስክሩ ማን እንደሆነ ይታወቅልኝ። እኚህ ሰው ፈረንጅ እንዲንሸራተት ብዬ በረዶ ረገጥኩ የሚሉ ናቸው።»

ዳኛው፣ «እውነት ነው? ብለዋል?» አሉ።

ዶሌቦ፣ «ብያለሁ። ረግጫለሁም» አሉ።

«በምን?»

«በእግሬ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ራሳቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። የተተከለችውን ካስማ በስንዝር ልክ የሚያውቅ ሰው ምስክርነቱ በሳቅ ወደቀ። ገነቴ ሦስት ረድፍ እንሰቷን አጣች፤ የሁለት ዓመት ጉርሷ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆች «ዶሌቦ በረዶ!» እያሉ ተከተሏቸው። ሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ። ለበር ይፈለጋሉ፣ ለነገር አይፈለጉም።

በዚያ ሳምንት እቤቴ መጥተው፣ «እማዬ፣ ደብዳቤውን ስጪኝ። ለዳኛው ላሳይ። እንዴት እንደረገጥኩ ከዳር እስከ መሃል ተጽፏል፤ ያልረገጠ ሰው እንደዚያ አይጽፍም» አሉኝ። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። «ለኔስ? ቆጮ ያስረገጠች ልባል ነው?» አልኩ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ተዪው» ብለው ወጡ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። አቶ ተገኘን ሰደብኩ፣ ዳኛውን ሰደብኩ፣ ከተማውን ሰደብኩ፤ ሳጥኑ ላይ የተቀመጠችውን ግን እስከ ዛሬ አልሰደብኩም ነበር። ገነቴ፣ ይቅር በዪኝ። ልጄም ይቅር ይበሉኝ።

ግን ከተማውንም አልለቅም። በ1961 ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል ሁላችሁም አሜን አላችሁ! ጨረቃ ላይ! ማን አየ? በረዶ ረገጥኩ ያሉትን የገዛ ልጃችሁን ግን ውሸታም አላችሁ። ዛሬም ኤሊያስ ሬዲዮ ሰምቶ፣ ያው ውድድር በሚመጣው ሳምንት በጃፓን አገር ይጀመራል አለኝ። የሰማውም ከማን ሬዲዮ መሰላችሁ? ከአቶ ተገኘ ሬዲዮ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርገው መንገድ ድረስ ያሰማሉ።

አቶ ዶሌቦ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ሳል ያዛቸው። የእንጨት ብናኝ ነው አሉ፤ ሐኪም ቤት ተኝተው ተሻላቸው፣ ገና ሳይጠነክሩ የቤተ ክርስቲያኑን አግዳሚ ወንበር ልጨርስ ብለው ተነሱ። አግዳሚውን ጨረሱ። ሐሙስ ጥር 18 ቀን 1964 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ ቅዳሜ ጥር 20 የምንቀብራቸው ከዱራሜ የሚመጣ ዘመድ እስኪደርስ ጠብቀን ነው። ጥር 20! ያ ውድድር የተከፈተበት ቀን ነው፤ ስምንት ዓመት ሞላው፤ ቀኑን እኔ አልመረጥኩም።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጣቢታን፣ ልጆቻቸውን ሂሩትንና አክሊሉን፣ እኔንም ከነሙሉ ጥርሴ ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር በእግራቸው ያለፉበትን ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ፊት ማንም አይስቅባቸውም። ነፍሳቸውን በጎ ቦታ ያሳርፍልን፣ ልጆቻቸውን ያሳድግልን፣ ጣቢታን ያጽናልን።

ኤሊያስ ታሪክ በምርቃት ነው የሚዘጋው አለኝ። ይዘጋ፤ ግን ትናንት ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ የሆነው ከምርቃቱ በኋላ ይጻፍ። ደብዳቤውን ኤሊያስ ጮክ ብሎ ለለቀስተኛው እንዲያነብ አደረግኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አቶ ተገኘ ብቻ ፈገግ ብለው፣ «ወይዘሮ ትርፊት፣ እግዜር ያጽናዎት፣ ግን ወረቀት የተጻፈበትን ሁሉ ይሸከማል። በረዶው የታለ? አንድ ማስረጃ አሳዩኝ» አሉ። ሁለት ሦስት ሰው ሊስቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ገነቴ፣ ፍርድ ቤቱ ካባረራት ወዲህ ሰው ፊት ቃል ያልወጣት ሴት፣ ከበሩ አጠገብ ተነሳች። ከሷ በኋላ አቶ ተገኘ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

«በረዶውማ ቀልጧል፣ ተገኘ። ያልቀለጠው አንተ የገፋኸው ድንበር ነው።»