«ልቀቀኝ» የምትል ሴት የጻፉት ወይዘሮ ኤይላ

ወይዘሮ ኤይላ ኒየሚ ከእንጨት ቆራጩ አባታቸው ከአቶ ታውኖ ኒየሚ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄልሚ፣ በካናዳ ፖርት አርተር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ እህታቸው ኢርማ ነኝ። ደግ ደጉን ብቻ ጻፊ ተብያለሁ፤ እሳቸው ግን ውሸት የሚወዱት በልብ ወለድ ብቻ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በሆስፒታል ጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1963 አቶ ማርቲን ሆልትን አግብተው አንዲት ልጅ፣ ካሪንን ወለዱ። የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ የጀመሩትም ያኔ ነው። በመጽሐፎቻቸው የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ነርሶች ነበሩ፤ ዶክተሩ ዞር ብሎ እስኪያያቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጠብቃሉ። በሰባዎቹ ዓመታት ደግሞ ወንዱ ክንዳቸውን ጨምድዶ ይይዛል፤ እነሱም «ተወኝ» እያሉ ልባቸው ይቀልጣል። አንባቢ ተሻማባቸው፤ እኛ ዘመዶቻቸውም ኮራን።

በሐምሌ 1984 ካሪን እጮኛዋን ዴልን ይዛ ለምሳ መጣች። በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ለብሳለች። ሳህን ስታነሳ እጅጌዋ ተሰበሰበና የአራት ጣት ምልክት በልዞ ታየ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ወይዘሮ ኤይላ።

«ኧረ እማ፣ ምንም አይደል። ስለሚወደኝ እኮ ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ራስሽ ነሻ! በመጽሐፍሽ ሁሉ እንዲህ አይደል እንዴ የሚይዛት?»

ወይዘሮ ኤይላ ክው አሉ። ሠርጉ ለመስከረም ተቆርጧል። ቢከለክሏት እልህ ትጋባለች፤ ዝም ቢሉ ይገድላታል ብለው ፈሩ። ስለዚህ የጀመሩትን መጽሐፍ ቀየሩት፤ ሴቲቱ «ልቀቀኝ» አለች፣ የምሯንም ነበር። የአሳታሚው አርታኢ ደወለላቸው።

«ወይዘሮ ኤይላ፣ አንባቢ ይቅር አይልዎትም። ወንዱ ጥሩ መሆን አለበት።»

«እንግዲያው ጥሩ ይሁና!» ብለው ስልኩን ዘጉት። ውላቸውም በዚያው ፈረሰ።

እኔን አስከትለው ካሪን ከዴል ጋር ወደምትኖርበት ቤት ሄዱና በሩ ላይ ቆመው ያንን ምዕራፍ ያነቡላት ጀመር። ዴል «በቃ፣ ግቢ» ብሎ ክንዷን ያዘ። እህቴ ማንበባቸውን አላቆሙም።

«ልቀቀኝ» አለች ካሪን። አልለቀቃትም። «ዴል፣ ልቀቀኝ!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ወጣ፤ ያን ጊዜ ለቀቃት። በባዶ እግሯ መኪናችን ውስጥ ገባች።

መጽሐፉ በሌላ አሳታሚ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሴቶቻቸው ፈት ሆኑ፣ ሱቅ ከፈቱ፣ በስተርጅናም አፈቀሩ፤ ወንዶቹም ክንድ ከመያዛቸው በፊት መጠየቅ ተማሩ።

ወይዘሮ ኤይላ በልብ ድካም ሲታመሙ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2019 አረፉ። በመጨረሻ ሰዓታቸው ካሪን እጃቸውን አጥብቃ ይዛ ታለቅስ ነበር። «ልቀቂኝ፣ ልጄ» አሏት። ለቀቀቻቸው።

ልጃቸው ካሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና እኔ እህታቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቀስታ ይያዝልን።